ከኤላው እስከ ልጁ አፍ

(ድሬዳዋ ውስጥ፣ ወደ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንና ወደ አፋር አዋሳኝ ቀበሌዎች ለመስክ ሥራ ሊወጡ ለተዘጋጁ ወጣት የጤናና የውሃ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ተጠጉ፤ የሚሠራው ማራገቢያ ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ድሬ ነው፣ ምን ይደረግ።

የተጠራሁበት ወረቀት ላይ ርዕሱ "የአርብቶ አደሩን የግንዛቤ ችግር መቅረፍ" ይላል። አዘጋጆቹን አከብራለሁ፣ ሻያቸውንም ጠጥቻለሁ። በርዕሱ ግን አልስማማም። ይህን ርዕስ በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ከወጣችሁ ፖስተር ለጥፋችሁ ትመለሳላችሁ። ፖስተሩን ደግሞ ፍየል ትበላዋለች።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከብቱን እየነዳ የሚኖር ሰው ስለተንቀሳቀሰ አይደለም የሚታመመው። የሚታመመው ሲቆም ነው። ሰውና ከብት አንድ ውሃ ላይ ሲከማች፣ ቦቴ የሚመጣበት ቦታ ላይ ሲሰፍር፣ ከድርቅ ሸሽቶ መጠለያ ሲገባ። ውሃውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ምንጩ ላይ አይደለም የሚበላሸው። ከምንጩ እስከ ልጁ አፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። የእናንተም ሥራ ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

እስቲ ከሰውየው እንጀምር። ከሺኒሌ ተነስታችሁ ወደ ኤረርም ሂዱ ወደ አዲጋላና አይሻ፣ የምታገኙት እረኛ ስለ ውሃ ከእኔም ከእናንተም ይበልጥ ያውቃል። የትኛው ኤላ፣ ማለት የትኛው የውሃ ጉድጓድ፣ ጨው እንዳለው፣ የትኛው የአሸዋ ወንዝ እስከ መቼ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ኩሬ ቀድሞ እንደሚደርቅ ያውቃል። ዓመቱን የሚቆጥረው በውሃ ነው። የበልጉን ዝናብ ዲራ ይለዋል፣ የክረምቱን ካራን፣ ረጅሙን ደረቅ ወቅት ጅላል። አፋሩም ሱጉምና ካርማ የሚላቸው የራሱ ወቅቶች አሉት። ሰፈር የሚመረጠው ከብቱ ስንት ቀን ያለ ውሃ እንደሚታገስ ታስቦ ነው። ላም በየሁለት በየሦስት ቀኑ ካልጠጣች አይሆንላትም። ግመል ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ትቆያለች። ውሃውን ስታገኝ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ትጨልጣለች። አምስት ጀሪካን ማለት ነው።

እኛ የከተማ ሰዎች ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ጎረቤት እንሄዳለን። የውሃ እውቀታችን እዚያ ላይ ያበቃል። ውሃ ፍለጋ መሄድ ደግሞ የእረኛ ብቻ አይደለም። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ምን አደረገች? ከእኛ ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ ደረሰላት። ልዩነቱ ሐረር ባለችበት ሆና ውሃው ወደ እሷ መሄዱ ነው። እረኛው ራሱ ይሄዳል።

አሁን ወደ በሽታው። ዝናብ ሲዘንብ ቤተሰቦች ይበታተናሉ። በየቦታው ኩሬ አለ፣ ሣር አለ። ሁለት ሦስት ቤት አንድ ቦታ፣ ሌላው ደግሞ ብዙ ርቆ። ሰው ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ሰፈሩም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተነስቶ ይሄዳል። ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በዚያ ሁኔታ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሄደው ጀርም መንገዱ ረጅም ነው፤ ብዙው በመንገድ ይሞታል። ጅላል ሲመጣ ሁሉም ይገለበጣል። ኩሬው ይደርቅና ያ ሁሉ ሰው ከነከብቱ አንድ ኤላ ላይ ይሰበሰባል። ፋንድያው፣ የሰው ዓይነ ምድሩ፣ ሁሉም በውሃው ዙሪያ ይከማቻል። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣና ያንን ሁሉ አጥቦ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። አተት በዚህ ጊዜ ሲነሳ ማንም ሊገርመው አይገባም።

አተት ስንል አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለታችን ነው። ብዙ ጊዜ ኮሌራን በስሙ መጥራት ስለምንፈራ የምንጠቀምበት ስም ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ኮሌራ እንበለው። የሶማሌ ክልል በ2009 ዓ.ም. በድርቁ መሃል ክፉኛ ተመትቷል። ባክቴሪያው ከበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ፣ በውሃ ወይም በምግብ በኩል ሌላ ሰው አፍ ይገባል። ከገባ ከጥቂት ሰዓት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ ይጀምራል። ከባዱ ዓይነት ሰውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ግን ደግሞ በጊዜው ፈሳሽ የተተካለት ሰው አይሞትም ማለት ይቻላል። በደንብ ከታከሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። አብዛኛው ደግሞ ግሉኮስ እንኳ ሳያስፈልገው ኦአርኤስ፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ብቻ ይበቃዋል።

ኦአርኤሱን በስንት ውሃ? በአንድ ሊትር። በረሃ ላይ መለኪያ ከየት ይመጣል? ከሃይላንድ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት፣ አለቀ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የማይገኝበት ሰፈር እስካሁን አላጋጠመኝም። ፓኬቱ ካለቀ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው፤ ልጅ ይጎዳል። ስለዚህ እናትየዋ ራሷ ስትለካ እዩ። "ገባሽ?" ብላችሁ "አዎ" ስትላችሁ አትሂዱ።

የውሃው ምንጭ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስብከት አትጨርሱት።

የአሸዋ ወንዝ አለ። የድሬዳዋውን ወንዝ ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለው። እረኛው አሸዋውን ይጭራል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። አሸዋው ራሱ ያጣራል። የሚመጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ከኩሬ ውሃ በጣም ይሻላል። ችግሩ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ያድራል። ፍየል ትገባበታለች፣ ትሸናበታለች። ጠዋት ልጅቷ መጥታ ያንኑ ትቀዳለች። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የሰው መጠጫ ጉድጓድ ከላይ፣ የከብቱ ከታች፤ የላይኛው በእሾህ ይታጠር። ጠዋት መጀመሪያ የተጠራቀመው ውሃ ተጨልፎ ይደፋ፣ ወይም ለከብት ይሰጥ። ከዚያ አዲስ የሚመነጨው ይቀዳ። ይህን ብዙ ሴቶች ያለ እኛም ያደርጉታል። የማያደርጉት ሲቸኩሉ ነው፣ የሚቸኩሉት ደግሞ ወረፋ ሲበዛ ነው።

ኤላ ላይ ዋናው ነገር የሰውና የከብት መለያየት ነው። በዚህ ነገር ቦረናዎችን የሚያህል አላየሁም። ጥልቅ ኤላዎቻቸውን፣ ቱላዎቹን፣ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከጥልቁ ጉድጓድ ሰው ከሰው እየተቀባበለ፣ እየዘፈነ ውሃውን ያወጣና ገንዳ ውስጥ ይገለብጠዋል። ከብቱ የሚጠጣው ከገንዳው ነው። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብር ሰውም አለ፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። ያለ እሱ ፈቃድ ዘሎ የሚያጠጣ የለም። እንግዲህ መሐንዲስ መጥቶ "የከብት ማጠጫ ከሰው መቅጃ ይለይ" ብሎ ሲያስተምር፣ እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ከመቼ ጀምሮ ሲያደርጉት እንደኖሩ አስቡት።

ቢርካ ሌላ ነው። መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት። እኔ ስለ ቢርካ ስናገር ትንሽ እናደዳለሁ። ገንዘቡ ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ያልቅና መግቢያው ላይ ደለል የሚያስቀር ትንሽ ገንዳ ይረሳል። ጣሪያ ይረሳል። አጥር ይረሳል። ከዚያ ሰው ባልዲውን ይዞ በደረጃው ወርዶ፣ እግሩን ነክሮ ይቀዳል። ምርቃት ላይ ሪባን የቆረጠው ሰው አንድ ብርጭቆ ጠጣ ቢባል አይጠጣም። ቢርካ ስታገኙ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ የወቅቱ የመጀመሪያ ጎርፍ የሚዘለልበት መንገድ አለው ወይ? ከሌለው መግቢያው በድንጋይና በአፈር ተደፍኖ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ካጠበ በኋላ ቢከፈት ትልቅ ለውጥ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ባልዲ ከአንድ ገመድ ጋር ለሁሉም ይመደብ። እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ አይንከር።

ቦቴ። በድርቅ ጊዜ ውሃው በመኪና ይመጣል። የ2008ቱ ድርቅ ሲቲን ሲመታ ስንት ቦቴ በዚህ ከተማ እንዳለፈ የድሬ ሰው ያስታውሳል። ቦቴው የመጣበት ቦታ ሰፈር ይሆናል። ሰፈር ከሆነ ከላይ ያልኳችሁ ነገር ሁሉ ይመጣል፤ ሰው ቆሟል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ቦቴ የሚያራግፍበት ቦታ ላይ ነበርኩ። ውሃው ክሎሪን ተጨምሮበታል። በኪሴ የያዝኩትን የክሎሪን መለኪያ አወጣሁ፤ ያቺን የፕላስቲክ ሳጥን ታውቋታላችሁ። ክሎሪን ካለ ውሃውን ሮዝ የምታደርገውን ዲፒዲ ኪኒን ከተትኩ፣ ነቀነቅኩ። ሮዝ ሆነ። በጣም ጥሩ። ከዚያ አንዲት እናት ያንኑ ውሃ ቀድታ ወደ ጎጆዋ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። ቆየት ብዬ ከጀሪካኗ ቀድቼ ያንኑ ሙከራ ደገምኩት። ውሃው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀለም የለም። ክሎሪኑ አልቋል።

ጀሪካኗን ወደ ፀሐይ አዞርኩና በአፉ አየሁ። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው፣ የምናውቀው። ውስጡ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ልጥልጥ ነገር ጋግሯል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ስለዚህ ታጥቦ አያውቅም። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ የጨርቅ ውታፍ ነው ያለው። ውታፉ መሬት ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይወተፋል። ክሎሪኑ ያን ሁሉ ሲዋጋ ነው ያለቀው። ለመንግሥት ሪፖርት የሚላከው ግን የቦቴው ሮዝ ውሃ ነው።

ጀሪካኑ እንዴት ይታጠብ? እፍኝ የማይሞላ ንጹሕ ጠጠር ትከታላችሁ፣ ጥቂት ውሃና ሳሙና ትጨምራላችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በሁሉም ጎኑ ትንጡታላችሁ። ጠጠሩ ግድግዳውን ይፍቀዋል። ብዙ ውሃ አይፈጅም። ሰፈር ውስጥ ልጆችን ሰብስባችሁ "ማን ነው ቶሎ የሚያጸዳው?" ብትሉ ጨዋታ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ንጹሕ ሆኖ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማከሚያ የምናወራው። ውሃው ጥሩ ከሆነና ካልደፈረሰ ክሎሪን ይሠራል። ፈሳሹ ውሃ አጋር ይሁን ኪኒኑ አኳታብ፣ ሥራው ያው ነው። አኳታብ በተለያየ መጠን ስለሚመጣ ለ20 ሊትሩና ለ5 ሊትሩ አንድ ዓይነት ኪኒን አትስጡ፤ ማሸጊያውን አንብቡ። ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። ላንድክሩዘሩ ዳሽቦርድ ላይ ሳምንት የከረመ ጠርሙስ ይዛችሁ "አልሠራም" አትበሉ።

ውሃው ከደፈረሰ ግን ክሎሪኑን ጭቃው ይበላዋል። ለዚህ ፒዩርና ቢሻንጋሪ አሉ፤ ጭቃውን አጣብቀው ወደ ታች የሚያወርዱ ዱቄቶች። አንዱ የፒዩር ፓኬት ለ10 ሊትር ነው። አምስት ደቂቃ ታማስላላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ታሳርፋላችሁ፣ በጨርቅ ታጠልላላችሁ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ቡናማ ውሃ ዓይናቸው እያየ ጥርት ሲል ሰው ይስቃል። ንግግር አያስፈልገውም።

ምንም በሌለበትስ? ጨርቅ አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ያረጀ የሳሪ ጨርቅ አጣጥፈው የኩሬና የወንዝ ውሃ በማጥለል ብቻ ኮሌራን ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሰዋል። ባክቴሪያው ውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ጨርቁ ያስቀራቸዋል። ያረጀ ጨርቅ ከአዲስ ይሻላል፣ ክሩ ስለሚጠጋጋ። ፀሐይም አለ፤ እሱንማ እኛ አናጣውም። ጥርት ያለ ውሃ በቀለም አልባ ሃይላንድ ሞልቶ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማጋደም ጀርሙን ይገድላል። ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ጥርት ማለቱን ለማወቅ ጠርሙሱን ጋዜጣ አርዕስት ላይ አቁማችሁ ከላይ ወደ ታች እዩ፤ ፊደሉ ከተነበበ ይሆናል።

"አፍሉ" ማለት ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት አንድ ኪሎ ገደማ እንጨት ይሄዳል። እንጨቱን የምትለቅመው ያቺው ውሃ የቀዳችው ሴት ናት። ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ትልልቁ ሰው የሚጠጣው ብዙውን ጊዜ ሻይ ነው። ሻይ የፈላ ውሃ ነው። ጥሬውን ውሃ የሚጠጣው ልጁ ነው። የሻዩ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ሳለ ለልጁ የሚሆን አንድ ሃይላንድ ተጨምሮ ቢፈላና ቢቀዘቅዝስ? ይህን ብቻ ብታስለምዱ እኔ በበኩሌ ደሞዛችሁ ሐላል ነው እላለሁ።

ማፍላት የማያወጣው ነገርም አለ። የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም፤ የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ካልሲየም ነው። ጉዳት የለውም፣ ማንቆርቆሪያውን ነው የሚያስቸግረው። ፍሎራይድ ግን ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆና በአፋር አንዳንድ ጉድጓዶች ፍሎራይዱ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆች ጥርሳቸው እየበለዘ ያድጋል፣ በጣም ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ይጎዳል። ውሃው በፈላ ቁጥር ስለሚተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል እንጂ አይቀንስም። ክሎሪንም አይነካውም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ያንን ጉድጓድ ለከብትና ለልብስ፣ የዝናቡን ውሃ ለልጆች መጠጥ ቢለይ ይሻላል። ጨዋማው ጉድጓድም ያው ነው። እረኛው በምላሱ ይለየዋል፤ ፍሎራይዱን ግን ምላስ አይለየውም። እሱ ጋ ነው ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው።

ስለ መጸዳጃ ልናገር። ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህንን ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ ራሳችንን እንይ። እረኛውን "ሜዳ ላይ ይጸዳዳል" የምንለው እኛ፣ ማለዳ ደቻቱ አሸዋ ላይ ወርደን እናውቃለን? ያ ወንዝ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ቆሻሻችንን እዚያው ነው የምንጥለው። ከከተማው ሽንት ቤቶች ወደ ጉድጓድ ውሃችን የሚሰርገው ናይትሬትም በጥናት የታየ ነገር ነው። እንግዲህ ማን ማንን ያስተምር?

በየሁለት ወሩ የሚነሳ ሰፈር ላይ ሽንት ቤት ማስቆፈር እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሪፖርቱ ቁጥር ስለሚጠይቅ እናስቆፍራለን። በቆርቆሮ የተሠራ ሽንት ቤት በቀትር ፀሐይ ገብታችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። ከዚያ ሜዳው ይሻላል። ለተንቀሳቃሽ ሰፈር የሚሆነው ቆፍሮ መቅበር ነው። አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት፣ ከዚያ አፈር መመለስ። ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከውሃው በታች ባለ ቁልቁለት በኩል። በረሃ ላይ አንካሴ ወይም መጥረቢያ የሌለው ቤት የለም። ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ሰው በሚቆምበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የከብት ገበያ፣ ቦቴ የሚራገፍበት፣ መጠለያ። ሲሚንቶው ወደዚያ ይሂድ።

ይህን ለማስረዳት የራሳችሁን መመሪያ አትጥቀሱ። በእስልምና ትምህርት ሰው እንዳይጸዳዳባቸው የተከለከሉ ሦስት ቦታዎች አሉ። የውሃ መቅጃ፣ መንገድ፣ ሰው የሚያርፍበት ጥላ። ለኢሳና ለጉርጉራ ሶማሌውም ለአፋሩም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሼኹ ከተናገሩት አንድ ጁምዓ ይበቃል። እጅ መታጠብም እንዲሁ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ቤት እብሪቅ፣ የመታጠቢያው ማንቆርቆሪያ፣ አለ። የጎደለው ሳሙናው ነው፤ ሳሙና ከሌለ አመድ። ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመነካቱ በፊት መሆኑን ማስለመድ ነው የእናንተ ድርሻ።

የሕፃን ዓይነ ምድር ደግሞ ከሁሉም ይረሳል። "ሕፃን ነው፣ ምን አለው" ይባላል፤ በከተማም እኮ ይባላል። ጀርም ግን እሱም ላይ አለ። ጎጆው አጠገብ ይጣላል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ዝንቡ ተነስቶ የታናሹ ዓይን ላይ። የዓይን በሽታውን ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ሰው በዚህ ታውሯል። የልጁን ፊት ለማጠብ ደግሞ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር ተበስቶ፣ ጠርሙሱ ተገልብጦ እንጨት ላይ ቢንጠለጠል በጥቂት ውሃ የቤቱ ልጆች ሁሉ ፊታቸውን ይታጠባሉ።

ስለ ውሃ መጠን አንድ ሒሳብ። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው ለቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይባላል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት 90 ሊትር ማለት ነው፤ አራት ጀሪካን ተኩል። ጀሪካኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ኤላው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ ማን ነው ይህን የሚያመላልሰው? ስለዚህ "እጅሽን በየሰዓቱ ታጠቢ" ከማለታችሁ በፊት ጀሪካኖቹን ቁጠሩ።

ማንን ነው የምታነጋግሩት? ጎጆውን የምትተክለው፣ የምትነቅለው፣ ግመል ላይ የምትጭነው ሴቷ ናት፤ በሶማሌውም በአፋሩም። ጎጆው ከውሃው በየት በኩል እንደሚተከል ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። የኤላው ሥርዓት ግን በሽማግሌ ነው። የኢሳዎች ኼር ኢሴ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበ የቃል ሕግ ነው። ይህን ያህል ሕግ ያለው ማኅበረሰብ ፊት "የውሃ ኮሚቴ እናቋቁም" ብላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ሽማግሌዎቹ "የሰው መቅጃ ከላይ ነው" ካሉ ተከበረ ማለት ነው።

አፋሮች ጋ ደግሞ ዳጉ አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳያጓድል ይለዋወጣል። "እዚያ ኤላ ላይ ልጆች ተቅማጥ ይዟቸዋል" የሚለው ወሬ በዳጉ ከእኛ የሳምንት ሪፖርት ቀድሞ ይደርሳል። ጆሯችሁን እዚያ ጣሉ።

ሌላው ከብቱ ነው። ቻድ ውስጥ ዘላን አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸው በብዛት ሲከተቡ ልጆቻቸው ግን አለመከተባቸው ታወቀ። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙ አብረው እንዲወጡ ተደረገ፤ ልጆቹም ተከተቡ። እኛም የግመል ክትባት ቡድን ሲወጣ አንድ ወንበር እንለምን። ክሎሪኑና ኦአርኤሱ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ይደርሳል።

"ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ ድሬን ምን አገባት" የሚል ካለ የጠዋቱን የግመል ወተት ያስታውስ። ከሺኒሌ በኩል ሴቶች ይዘውት ይመጣሉ፣ እኛ በብርጭቆ እንጠጣዋለን። የድሮው የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ሽታ ብቻ አይደለም፣ ጀርምም ያዳክማል። ፕላስቲኩ ግን አይታጠንም፣ ይቀልጣል። የሚለቀለቀው በዚያው በኤላው ውሃ ነው። ወተቱን አፍሉት፤ ከጥሬ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስም አለ። "ጣዕሙ ይጠፋል" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሦስቱን ልጻፍ።

አንዷ፣ "ክሎሪን ግመሏን ይጎዳታል ቢሉንስ?" አለች። በመጠጥ ልክ የተጨመረ ክሎሪን ግመልን አይጎዳም። ግን የከብት ገንዳ ውስጥ ማን ጨምሩ አላችሁ? ክሎሪኑ የሚጨመረው ጀሪካኑ ውስጥ ነው። ይህን በግልጽ ንገሯቸው። ግመሏ ላይ የመጣ ጥርጣሬ ቶሎ አይለቅም።

ሌላው፣ "ጣዕሙን ጠልተው ቢደፉትስ?" አለ። ብዙ ጊዜ የሚሸተው ስለበዛ ወይም 30 ደቂቃው ሳይሞላ ስለተጠጣ ነው። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ካልሆነ ሻይ ይፈላበት፤ ሻይ ውስጥ አይታወቅም።

የመጨረሻው፣ "ምን ይዘን እንውጣ?" የሚል ነበር። የክሎሪን መለኪያና የዲፒዲ ኪኒን፣ አኳታብ፣ ፒዩር፣ ኦአርኤስና ለልጆች ዚንክ። ይህን መሥሪያ ቤት ይሰጣችኋል። መሥሪያ ቤት የማይሰጣችሁ የጀሪካን ክዳን ነው። ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ በርካሽ ይሰጧችኋል። የጀሪካን አፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሰፊውንም ጠባቡንም ያዙ። ቀጭን ሲባጎም ግዙ፤ ክዳኑን ከእጀታው ጋር ካላሰራችሁት በሳምንቱ ይጠፋል።